ላም አለኝ በሰማይ
ስለ ፖከር ጨዋታ፥ ስለ ተስፈኛ እጅና ቀድሞ መናገር ስለሚያስከትለው ኪሣራ

ሰው በእጁ ካለው ነገር ይልቅ ነገ ይመጣል ብሎ የሚጠብቀው ነገር ልቡን ይማርከዋል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ብለው የተረቱት ይህንኑ ጠባይ ተመልክተው ነው። ይህ ጠባይ በካርታ ገበታ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ፖከር በሚባለው ጨዋታ ገንዘቡን የሚጨርሰው ዘወትር መጥፎ ካርታ የሚደርሰው ሰው አይደለም። መጥፎ ካርታ የደረሰው ሰው ወዲያው ይጥለውና ይገላገላል። ቀስ በቀስ የሚራቆተው፥ እጁ ሊሞላ አንዲት ካርታ ብቻ ጎድላው ያቺን አንዲት ካርታ እየከፈለ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ዛሬ ይህ ጨዋታ በላስ ቬጋስ አዳራሾች ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም። በኢንተርኔት አማካይነት በስልክና በኮምፒዩተር ይካሄዳል፤ አነስተኛ በሆኑት ገበታዎች የግዴታው መዋጮ 1 እና 2 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ስለ ሆነ አያሌ ወጣት «ይህማ ምን አላት» እያለ ይገባበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቁማርን ለማሞገስ ወይም የማይጫወተውን ሰው ለማባበል አይደለም። ነገር ግን አንድ ያልሞላ እጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው፥ ያው እጅ ቀድሞ በሚናገር ሰው ዘንድ ዋጋው ለምን እንደሚወርድ ብንመረምር፥ የሚጫወተው ሰው ገንዘቡን ያድንበታል፤ የማይጫወተውም ተስፋን በሒሳብ መመዘን ይማርበታል።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ከልዩ ልዩ የፖከር ዓይነቶች ዛሬ እጅግ የተስፋፋው ቴክሳስ ሆልደም የተባለው ነው። 52 ካርታ ይበወዝና ለያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ካርታ በስውር ይታደላል። ቀጥሎ ሦስት ካርታ በአንድ ጊዜ በገበታው ላይ ይገለጣል፤ ከዚያ አራተኛው፥ በመጨረሻም አምስተኛው ይከተላል። እነዚህ አምስቱ የሁሉም ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከራሱ ሁለትና ከመሐሉ አምስት፥ በጠቅላላው ከሰባቱ፥ የተሻሉትን አምስት መርጦ ይወዳደራል። በየደረጃው ተጫዋቾቹ በተራ ይናገራሉ። መናገር ማለት ገንዘብ መመደብ፥ ሌላው የመደበውን ያህል ከፍሎ መከተል፥ ከዚያ በላይ መጨመር ወይም ካርታን መጣል ነው። አስቀድሞ የመደበ ሰው ከሌለ ደግሞ ምንም ሳይከፍሉ ማለፍ ይቻላል።

አምስቱ ካርታዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው እንደ ሆነ፥ ለምሳሌ አምስቱም ቀይ ልብ ቢሆኑ፥ ከፍ ያለ እጅ ነው። ቁጥራቸው እንደ 5፥ 6፥ 7፥ 8፥ 9 የተከታተለ እንደ ሆነም እንዲሁ ጥሩ እጅ ነው። ከነዚህ ለአንደኛው አንዲት ካርታ ብቻ የቀረውን እጅ በዚህ ጽሑፍ «ተስፈኛ እጅ» ብለን እንጠራዋለን። ተስፈኛ እጅ ሳይሞላ የቀረ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ከምንም አይቆጠርም።

ተስፋ በሒሳብ ሲመዘን

ያላለቀ ጨዋታ ምን ያህል ያወጣል? ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በ1654 እ.ኤ.አ. ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ዴ ፌርማ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት፥ ሁለት ሰዎች ጨዋታቸው ሳያልቅ ቢቋረጥባቸው የተመደበውን ገንዘብ እንዴት ሊካፈሉ እንደሚገባ በደብዳቤ ተጻጽፈውበታል። ዛሬ የኢንሹራንስ ሥራና አያሌ የሳይንስ ክፍሎች የሚገለገሉበት የዕድል ሒሳብ ከነዚያ ደብዳቤዎች ብዙ መሠረት አግኝቷል። የሁለቱ ሊቃውንት መልስ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ተስፋ የሚመዘነው በምኞት ሳይሆን፥ ሊሆኑ ከሚችሉት ነገሮች ሁሉ ስንቱ ለኛ እንደሚጠቅም በመቁጠር ነው።

ይህንኑ ወደ ካርታው እናምጣው። አንድ ተጫዋች በእጁ ሁለት ባለ ልብ ካርታ ይዟል፤ ከተገለጡት ሦስት ካርታዎችም ሁለቱ ባለ ልብ ናቸው። በጠቅላላው 13 ልብ ስላለና አራቱን ስላየ፥ ያላያቸው ልቦች 9 ናቸው። ከ52 ካርታ አምስቱን ስላየ፥ ያላያቸው ካርታዎች 47 ናቸው። እንግዲህ ቀጥሎ የሚገለጠው ካርታ ልብ የመሆኑ ዕድል ከ47 እጅ 9፥ ማለት በመቶ 19 ያህል ነው። ሁለቱንም ቀሪ ካርታዎች ለማየት የቻለ እንደ ሆነ ግን ዕድሉ በመቶ 35 ይደርሳል።

6፥ 7፥ 8፥ 9 ይዞ በሁለቱም ጫፍ 5ን ወይም 10ን የሚጠብቅ ሰው 8 ካርታ ይረዱታል። ዕድሉ በአንድ ካርታ በመቶ 17፥ በሁለት ካርታ በመቶ 31 ተኩል ያህል ነው። በመካከል የጎደለችውን አንዲት ቁጥር የሚጠብቅ ግን 4 ካርታ ብቻ ስለሚረዱት በአንድ ካርታ ያለው ዕድል በመቶ 8 ተኩል ነው። በገበታ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ለማስላት ጊዜ የማያገኝ ሰው አንድ አቋራጭ መንገድ አለው። የሚረዱትን ካርታዎች ቁጥር፥ አንድ ካርታ ብቻ የሚያይ ከሆነ በ2፥ ሁለት ካርታ የሚያይ ከሆነ በ4 ያባዛ። ዘጠኝ ልብ ሲባዛ 18 እና 36 ይሆናል፤ ከእውነተኛው 19 እና 35 ብዙ አይርቅም።

አንባቢ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፥ 19 እና 35ን፥ በልቡ ይያዝልን። ቀድሞ የሚናገርና ኋላ የሚናገር ሰው የሚለያዩት በነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ነው።

የመናገር ተራ

በገበታው ላይ አዳዩን የምታመለክት አንዲት ክብ ምልክት አለች። በኢንተርኔት የሚያድለው ኮምፒዩተሩ ቢሆንም ቅሉ፥ ምልክቲቱ በየጨዋታው ከሰው ወደ ሰው ትዞራለች። ከአዳዩ ቀጥለው የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ የግዴታ መዋጮ ያዋጣሉ፤ የመጀመሪያው 1 ሳንቲም፥ ሁለተኛው 2 ሳንቲም። ሦስቱ ካርታዎች ከተገለጡ በኋላ እስከ መጨረሻው ቀድመው የሚናገሩትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። አዳዩ በጨዋታው ውስጥ ካለ፥ የመጨረሻው ቃል የርሱ ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ ቀድሞ የተናገረ ሰው ቃሉን ሊመልስ አይችልም። ኋላ የሚናገረው ግን ማን ደፍሮ እንደ መደበ፥ ማን ፈርቶ እንዳለፈ ሰምቶና አስተውሎ ይወስናል። ይህ ጥቅም የተጫዋቾች ወሬ ብቻ አይደለም። በካናዳ አገር የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚጫወቱትንና የሚመደበው ገንዘብ ልክ ያለውን የሆልደም ዓይነት በኮምፒዩተር ፈትተው እንደ ጨረሱ በ2015 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። ሁለቱም ወገኖች ያለ ስሕተት ቢጫወቱ፥ በረጅም ጊዜ የሚያተርፈው አዳዩ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ዓይነት ጨዋታ አዳዩ ካርታዎቹ ከተገለጡ በኋላ ኋላ የሚናገረው ሰው ነው። ካርታ ለሁለቱም በእኩል ዕድል ይታደላል፤ ተራው ግን እኩል አይደለም።

የ8 ሳንቲሙ ጥያቄ

አሁን አንድ ወጣት ጸሐፊ ከሥራ በኋላ በሳንቲሙ ገበታ ላይ ተቀምጧል እንበል። ተራው የ1 ሳንቲሙ የግዴታ ከፋይ ነው። የደረሱት ካርታዎች የልብ 8 እና የልብ 7 ናቸው። ሌላው ተጫዋች 6 ሳንቲም መደበ። ወጣቱ «ሁለቱም ልብ ናቸው፥ ተከታታይም ናቸው» ብሎ 5 ሳንቲም ጨምሮ ተከተለ። የ2 ሳንቲሙ ከፋይ ካርታውን ጣለ። በመሐል ያለው ገንዘብ 14 ሳንቲም ሆነ።

ሦስት ካርታዎች ተገለጡ፤ የልብ ንጉሥ፥ የልብ 2፥ ልብ ያልሆነ ጃክ። ወጣቱ አራት ልብ አለው፤ አንዲት ልብ ጎደለችው። ቀድሞ ተናጋሪ ነውና አለፈ። ተቃዋሚው 8 ሳንቲም መደበ። የመሐሉ ገንዘብ 22 ሳንቲም ስለ ሆነ፥ ወጣቱ 22 ለማግኘት 8 እንዲከፍል ተጠይቋል። 8 ሳንቲም ከ30 ሳንቲም በመቶ 27 ያህል ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሌላ ገንዘብ ባይመደብ፥ ሳይከስር ለመክፈል የመሙላት ዕድሉ ቢያንስ በመቶ 27 መሆን አለበት። አንድ ካርታ ብቻ የሚያይ ከሆነ ያለው ዕድል 19 ነው፤ ኪሣራ ነው። ሁለቱንም በዚያው በ8 ሳንቲም የሚያይ ከሆነ 35 ነው፤ ትርፍ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ልብ ይመጣል ወይ?» ሳይሆን «ሁለተኛዋን ካርታ በነጻ ለማየት ፈቃዱ በማን እጅ ነው?» የሚል ነው።

ወጣቱ ቀድሞ ተናጋሪ ስለ ሆነ ፈቃዱ በተቃዋሚው እጅ ነው። አራተኛው ካርታ ልብ ሳይሆን ቀረ እንበል። ወጣቱ ያልፋል። ተቃዋሚው ከፈለገ እርሱም ያልፍና የመጨረሻዋን ካርታ በነጻ ያሳየዋል፤ ካልፈለገ ደግሞ በ30 ሳንቲሙ ላይ 20 ሳንቲም ይመድብበታል። ያን ጊዜ ወጣቱ 50 ለማግኘት 20 መክፈል ሊኖርበት ነው፤ ዋጋው በመቶ 29 ያህል፥ ዕድሉ ደግሞ ያው ከ20 የማያልፍ ነው። ካርታውን ጥሎ ይወጣል። 8 ሳንቲሙ የገዛችለት አንዲት ካርታ ብቻ ሆነች።

ልብ ቢመጣስ? ደስታው ሙሉ አይደለም። በገበታው ላይ ሦስት ልብ መታየቱን ተቃዋሚውም ያያል። ወጣቱ ወዲያው ቢመድብ ተቃዋሚው ፈርቶ ሊጥል ይችላል። ተቃዋሚው እንዲመድብለት ብሎ ቢያልፍ ደግሞ፥ እርሱም ሊያልፍበትና የሚገኘው ገንዘብ ሊያመልጠው ይችላል። በዕድሉ ስሌት መሠረት ወጣቱ እጁ በሞላ ቁጥር ከ22ቱ ሳንቲም ሌላ በአማካይ 12 ሳንቲም ያህል ካልጨመረ ክፍያው አይመለስም። ቀድሞ ተናጋሪ ሆኖ ያን ጭማሪ በየጊዜው ማግኘት ከባድ ነው።

አሁን ካርታውም ገንዘቡም ያው ሆኖ ወጣቱን በአዳዩ ስፍራ እናስቀምጠው። አራተኛው ካርታ ልብ ሳይሆን ሲቀር አስቀድሞ የሚናገረው ተቃዋሚው ነው። ተቃዋሚው ያለፈ እንደ ሆነ ወጣቱም አልፎ አምስተኛዋን ካርታ ያለ ክፍያ ያያል፤ 19 የነበረው 35 ሆነለት ማለት ነው። ተቃዋሚው በብዙ ገንዘብ ቢመድብ ደግሞ ካርታውን ጥሎ 8 ሳንቲም ብቻ ከስሮ ይወጣል። ልብ በመጣ ጊዜም ተቃዋሚው ቢመድብ ይጨምርበታል፤ ቢያልፍ ራሱ ይመድባል። የካርታዎቹ ዋጋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው።

የቴነሲው ሒሳብ ሠራተኛ

ለዚህ ነገር በታሪክ የታወቀ ምሳሌ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ በተደረገው የዓለም የፖከር ውድድር 839 ሰዎች ለዋናው ሽልማት ቀረቡ። ከነርሱም አንዱ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የ27 ዓመት የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። የቤተሰቡ ስም ትርጓሜው «ገንዘብ ሠሪ» መሆኑ ብዙ ሰው አሥቋል። የውድድሩ መግቢያ 10,000 ዶላር ሲሆን፥ እርሱ ግን ከ100 ዶላር ባነሰ ገንዘብ በኢንተርኔት በተደረገ ማጣሪያ አሸንፎ ነበር የገባው። በመጨረሻ ሁሉን አሸንፎ 2,500,000 ዶላር ወሰደ። በዚያ ዓመት ጀምሮ የኢንተርኔቱ ጨዋታ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ።

ከባለ ልምዱ ከሳሚ ፋርሃ ጋር ሁለት ብቻ ቀርተው ሲጫወቱ፥ መኒሜከር ስፔድ የሚባለው ጥቁር ምልክት ያለበት ንጉሥና የልብ 7 ያዘ። አራተኛው ካርታ ሲገለጥ በገበታው ላይ 9፥ 6 እና 8፥ ሦስቱም ስፔድ፥ ከአንድ ባለ ሌላ ምልክት 2 ጋር ነበሩ። እንግዲህ አምስተኛ ስፔድ ወይም 5 ወይም 10 ብትመጣ እጁ ይሞላ ነበር፤ የሚረዱት 15 ካርታዎች ናቸው። ፋርሃ መደበ፤ መኒሜከር ጨመረ፤ ፋርሃ ተከተለ። አምስተኛዋ ካርታ የልብ 3 ሆነች፤ ተስፋው ሁሉ ባዶ ቀረ። ፋርሃ በእጁ ጥንድ 9 ይዞ ሳለ አለፈ። መኒሜከር ይህን ሰምቶ ያለውን ሁሉ መደበ፤ ፋርሃም የተሻለ እጅ ይዞ ሳለ ጣለ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የድፍረት ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። ነገር ግን ማን ቀድሞ ተናጋሪ እንደ ነበረ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ሦስቱ ካርታዎች ከተገለጡ በኋላ በየደረጃው ቀድሞ የተናገረው ፋርሃ ነበር። መኒሜከር ባዶ እጁን ይዞ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው፥ ፋርሃ ማለፉን ከሰማ በኋላ ነው።

በሳንቲም ገበታ ላይ የሚለየው ነገር

ይህን ታሪክ አንብቦ በሳንቲሙ ገበታ ላይ መኒሜከርን ልሁን የሚል ወጣት ይከስራል። ምክንያቱም በትንሽ ገንዘብ የሚጫወት ሰው ካርታውን መጣል አይወድም። «2 ሳንቲም ናት፤ ምን እንደ ያዘ ልየው» ብሎ ይከፍላል። ዴቪድ ስክላንስኪ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፖከር መጽሐፉ፥ ተስፈኛ እጅ ይዞ መመደብ ሁለት የማሸነፊያ መንገድ እንደሚሰጥ አስረድቷል። አንደኛው ተቃዋሚው ፈርቶ መጣሉ፥ ሁለተኛው ካርታው መሙላቱ ነው። ፈርቶ የሚጥል ሰው በሌለበት ገበታ ግን የመጀመሪያው መንገድ ይዘጋል።

ከዚህም በላይ ቤቱ የሚወስደው አለ። ጨዋታውን የሚያካሂደው ድርጅት ከሚሸነፈው ገንዘብ ላይ ብዙውን ጊዜ በመቶ እስከ 5 ድረስ ይቆርጣል። አሸናፊው 30 ሳንቲም አገኘሁ ሲል የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው።

ኪሣራው የማይታየውም በትንሽነቱ ነው። ስድስት ሰው ባለበት ገበታ በሰዓት 60 ጨዋታ ይታደላል እንበል። እያንዳንዱ ሰው ከ60ው በ20ው የግዴታ ከፋይ ይሆናል። በ10ሩ ብቻ ያለ አግባብ 4 ሳንቲም ቢያስከትል፥ በሰዓት 40 ሳንቲም ነው። በ100 ሰዓት 40 ዶላር ይሆናል፤ ግማሹን በዕድል ቢያስመልስ እንኳ 20 ዶላር ይጎድለዋል። በዚያ ገበታ ሙሉ መግቢያው 2 ዶላር ስለ ሆነ፥ ይህ አሥር ጊዜ እንደ መራቆት ይቆጠራል። ወጣቱ ግን ከ8 ሳንቲም በላይ የከሰረበትን ቀን ላያስታውስ ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

1ኛ፤ ሁለት ካርታ አንድ ምልክት ስላላቸው ብቻ ቀድሞ በሚናገሩበት ስፍራ አይከተሉ። እንዲህ ያለ እጅ ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ ወዲያው የሚሞላው ከ119 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ አራት አንድ ዓይነት ሆኖ ተስፈኛ የሚሆነውም ከ9 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው። ከዚህ ስፍራ በደካማ እጅ ገብቶ መከተል «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። አስቀድሞ የተዋጣው 1 ሳንቲም የመሐሉ ገንዘብ ሆኗል፤ እርሱን አድናለሁ ብሎ 5 መጨመር አይገባም።

2ኛ፤ መክፈል ካስፈለገ፥ ቢሞላ የማይበለጥ ተስፋ ይምረጡ። የልብ 8 እና 7 የያዘ ሰው ልብ ቢመጣለት እንኳ የልብ አስና ሌላ ልብ የያዘ ሰው ይበልጠዋል። ቀድሞ ተናጋሪ ይህን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

3ኛ፤ ከመክፈል በፊት ይቁጠሩ። የሚከፈለው ገንዘብ፥ ከመሐሉ ገንዘብና ከራሱ ከክፍያው ድምር ላይ በመቶ ስንት ነው? ቀድሞ ተናጋሪ ከሆኑ ይህን ከአንድ ካርታ ዕድል ጋር ያስተያዩ፤ ሁለተኛዋን ካርታ ማንም ቃል አልገባልዎትም።

4ኛ፤ የተከታዮችን ቁጥር ይመልከቱ። አራት ሰዎች 6 ሳንቲም አዋጥተው 24 ሳንቲም በተከመረበት ላይ አንዱ 8 ቢመድብ፥ ሁለት ሰዎችም ቢከተሉና የእርስዎ ቃል የመጨረሻ ቢሆን፥ 48 ለማግኘት 8 ይከፍላሉ። ይህ በመቶ 14 ያህል ብቻ ስለ ሆነ 9 ልብ ለሚጠብቅ ሰው ርካሽ ነው። ከኋላዎ ገና ያልተናገረ ሰው ካለ ግን ሊጨምርብዎ ስለሚችል ዋጋው አልተቆረጠም።

5ኛ፤ ተስፋው ብርቱ ሲሆን አይለማመጡ። 15 ካርታ የሚረዱት ሰው፥ ሦስቱ ካርታዎች እንደ ተገለጡ፥ ሁለቱን ቀሪዎች ቢያይ የመሙላት ዕድሉ በመቶ 54 ነው። እንዲህ ያለ እጅ ቀድሞ ተናጋሪም ቢሆን ጨምሮ ሊገፋበት ይችላል። በመካከል የጎደለች አንዲት ቁጥር የሚጠብቅ እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጣል ነው።

6ኛ፤ የቤት ኪራይ፥ የትምህርት ገንዘብና ደመወዝ ወደ ገበታው አይቅረቡ። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ በአንድ ሌሊት ሊከስር ይችላል፤ ቤቱ ደግሞ ከሚያሸንፈው ሁሉ ድርሻውን ይወስዳል። የጎደለውን ለማስመለስ ብቻ መጫወት የጀመረ ሰው ሒሳብ መሥራቱን ስለ ተወ፥ ያን ጊዜ መነሣት አለበት።

ተስፈኛ እጅ መያዝ ጥፋት አይደለም። የልብ 8 እና 7 በትክክለኛው ወንበር ላይ በትክክለኛው ዋጋ ትርፍ ያመጣሉ። ተጫዋቹ ካርታውን አይቶ ደስ ከመሰኘቱ በፊት የአዳዩ ምልክት የት እንዳለች ይመልከት፤ ከርሱ በኋላ የሚናገሩትን ይቁጠር፤ ከዚያ በኋላ ዋጋውን ይጠይቅ። ዋጋው ካልተስማማው ላሟ በሰማይ ትቆይ፤ እርሱ 8 ሳንቲሙን በኪሱ ይዞ ቀጣዩን እድል ይጠብቅ።